የማድ ቤት ሴራሚክ ጠርዝ፦ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በሮቤ ወይም በጎባ ቤት ሠርቶ ለማድ ቤቱ ሴራሚክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ከዚያ መጠኑን ይመርጣል፣ በካሬ ሂሳቡን ያወጣል፣ ባለሙያ ይጠራል። ጠርዙ ትዝ የሚለው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከላቫንዲኖውና ከምድጃው ጀርባ የተለጠፈው ሴራሚክ ከላይና ከጎን የተቆረጠ ሸክላውን አሳይቶ ሲቀር። የቤቱ እመቤት «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጠርዙስ ምን ሊሆን ነው?» ብትል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እትዬ አያስቡ፣ በነጭ ሲሚንቶ እንዘጋዋለን።»

በነጭ ሲሚንቶ የተዘጋ ጠርዝ ለጥቂት ወራት ያምራል። ቀስ በቀስ የወጡ ቅባትና የእርዱ ቢጫ ይገባበታል፣ በጨርቅ ሲታሽ ይፈረፈራል፣ አንድ ቀን ድስት ሲነካው ጥጉ ይሸረፋል። ያን ጊዜ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ ጠርዝ የሚይዘው የብረት ፕሮፋይል ከሴራሚኩ ሥር ገብቶ አብሮ የሚለጠፍ ስለሆነ ሥራው ካለቀ በኋላ አይጨመርም። ስለዚህ ጠርዙ መወሰን ያለበት ሴራሚኩ ከመገዛቱ በፊት ነው እላለሁ። የደጋው ብርድ፣ የቤቱ ግድግዳ ዓይነትና ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ውሳኔውን በባሌ ከሌላው ቦታ የበለጠ ከባድ ያደርጉታል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይመልሷቸው።

የመረጡት የግድግዳ ሴራሚክ ነው ወይስ ፖርስሊን?

ሱቁ ውስጥ እያሉ አንዱን ገልብጠው ጎኑንና ጀርባውን ይመልከቱ። የግድግዳ ሴራሚክ የሚባለው ላዩ ላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው ቀይ ወይም ነጣ ያለ ሸክላ ነው። ጣትዎን በውሃ አርሰው ጀርባውን ይንኩት። ውሃውን ወዲያው ከጠጣው የግድግዳ ሴራሚክ ነው፤ ጠብታው ሳይሰርግ ከቆየ ፖርስሊን ነው። አይሶ 13006 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ፖርስሊን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል።

ይህ ልዩነት ፊት ለፊቱ ላይ አይታይም፣ ሽፋኑ ይከላከላልና። የሚታየው ጠርዙ ላይ ነው። የተቆረጠ የግድግዳ ሴራሚክ ጎኑ ክፍት ከሆነ ዘይትም እንፋሎትም በዚያ ይገባል፤ የቀላ ወይም የጠቆረ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ በሳሙና አይለቅም። ፖርስሊን ከሆነና የሥሩ ቀለም ከላዩ ጋር ከተመሳሰለ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ክፍት መተው ይቻላል። የግድግዳ ሴራሚክ ከሆነ ግን መሸፈን አለበት፤ ሌላ ምርጫ የለም።

እንፋሎቱ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላውም ሥጋውም ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ድስቱም እሳት ላይ በቆየ ቁጥር የሚያወጣው እንፋሎት ይበዛል። ያ እንፋሎት ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከላይ ወርዶ የሚያርፈው የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ከዚያም ሴራሚኩ ከጠረጴዛው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው።

ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት?

ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በመሆኗ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች አሏት። በሮቤም ብሎኬቱ እየበዛ ቢመጣም በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ከላይ ሲሚንቶ ወይም ኖራ የተቀባ ቤት ዛሬም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ሴራሚክ አይለጠፍበትም ማለቴ አይደለም። ይለጠፍበታል፤ ግን እንደ ብሎኬት አይደለም።

እንጨት ዝም ብሎ አይቆምም። በዝናቡ ወራት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋው ደርቆ ይኮማተራል። ጭቃውም አብሮት ይሰነጠቃል። ሴራሚክና ሲሚንቶ ግን አይለጠጡም። በመሃል ያለ ሴራሚክ በአራቱም ጎን ጎረቤት ስላለው ይደጋገፋል፤ ጠርዝ ላይ ያለው አንድ ጎኑ ባዶ ስለሆነ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። በር አጠገብ ከሆነ ደግሞ በሩ በተወረወረ ቁጥር ይነቃነቃል። በጭቃ ቤት የሴራሚክ መውደቅ ከጥጉና ከላይኛው ረድፍ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ካሰማ ልስኑ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው፤ ያ ልስን ሳይነሳ ሴራሚክ አይለጠፍበትም። በቁልፍ ጫፍ ሲጫሩት እንደ ዱቄት ከረገፈም እንዲሁ። የላላው ሁሉ ይራገፍ፤ የወንፊት ሽቦ ተዘርግቶ በምስማር ከቋሚውና ከማገሩ ጋር ይያያዝ፤ በላዩ የሲሚንቶ ልስን በሁለት ዙር ይለሰን። ሽቦው ከሴራሚኩ ክልል በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር አልፎ መሄድ አለበት። ሽቦውና ጠርዙ አንድ መስመር ላይ ካለቁ ስንጥቁ ልክ በጠርዙ ሥር ይወጣል። ሽቦ በምስማር ለመምታት ያን ያህል ድካም ለምን ብሎ የሚያልፈው ባለሙያ ያጋጥማል፤ እርስዎ ግን አይለፉት።

በጭቃ ቤት እኔ የምመክረው ትንንሽ ሴራሚክ ነው፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ። 30 በ60 የሆነው ከባድ ነው፣ ትንሽ እንቅስቃሴም ይሰነጥቀዋል። ከፍታውም ከጠረጴዛው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። እስከ ኮርኒሱ ልለጥፍ ማለት ለዚህ ግድግዳ ሸክም ነው።

ብሎኬት ላይ የሚለጥፍ ሰው ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ ልስኑ ደርቋል ወይ? አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ ሦስትና አራት ሳምንት ይጠበቅ። በልግ ከሆነ ይበልጥ። ለመሞከር አንድ የፌስታል ቁራጭ በፕላስተር ዙሪያውን አሽገው ግድግዳው ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ካገኙ ግድግዳው ገና ነው።

ልስኑ ገና ካልተለሰነ ዕድል አለዎት

ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው ጠርዝ፣ ጠርዝ አለመኖሩ ነው። ለሳሹን «ሴራሚክ የሚያርፍበትን ቦታ በሻካራው ልስን ላይ ተውልኝ» ይበሉት። ሴራሚኩ በዚያ ላይ ይለጠፋል፤ በኋላ በዙሪያው ያለው የመጨረሻ ልስን ከሴራሚኩ ፊት ጋር እኩል ሆኖ ይመጣል። ሴራሚኩ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነና ማጣበቂያው 4 ሚሊ ሜትር ከያዘ የሚተወው ጥልቀት 12 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳውና ሴራሚኩ በአንድ ፊት ይሆናሉ፤ የሚታይ ሸክላ የለም፣ አቧራ የሚይዝ እርከን የለም፣ ፕሮፋይልም አይገዛም። በመገናኛው ላይ ቀጭን የሲሊከን መስመር ብቻ ይበቃል።

ዋጋ የማይጨምር፣ ግን አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ነው። ለሳሹ ግድግዳውን አለስልሶ ከሄደ በኋላ ያው ዕድል አይመለስም።

ሴራሚኩ የት ላይ ያቆማል?

በግድግዳው ላይ እርሳስ ይዘው ያስምሩ፤ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ቆማችሁ እዩት። የላይኛው መስመር ከካቢኔቱ ግርጌ ሥር ከገባ የላይኛው ጠርዝ ችግር በዚያው አለቀ፤ ካቢኔቱ ይሸፍነዋል። ካቢኔት ከሌለዎትና በኋላ የሚያሠሩ ከሆነ ካቢኔቱ የሚወርድበትን ቁመት ዛሬ ይወስኑ። ሴራሚኩ ከካቢኔቱ ሥር ሁለት ጣት ገብቶ ቢቆይ ጥሩ ነው።

የጎኑ መስመር ይከብዳል። የጠረጴዛው እብነ በረድ ከሥሩ ካቢኔት ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ የላይኛው ካቢኔትና የጠረጴዛው ጫፍ በአንድ የቁም መስመር አይሰለፉም። ሴራሚኩ የቱን ይከተል? እኔ የላይኛውን ካቢኔት ይከተል እላለሁ። ከካቢኔቱ ጎን በቱምቢ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ዓይን ይቀበለዋል፤ ጠረጴዛው ትንሽ አልፎ ቢወጣ ማንም አያስተውለውም። በጠረጴዛው ጫፍ ከቆመ ግን ከላይ ከካቢኔቱ ውጪ ጠባብ ሴራሚክ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የላይኛው ካቢኔት ከሌለ በጠረጴዛው ጫፍ ይቁም።

ሙሉው ሴራሚክ ክፍት በሆነው ጠርዝ በኩል ይሁን፤ ተቆርጦ የሚጠበው በግድግዳው ማዕዘን በኩል ይግባ። ብዙ ባለሙያ ከማዕዘኑ ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚለጥፍ ቁርጥራጩ የሚወድቀው ሰው በሚያየው ጫፍ ላይ ነው። ከመጀመሩ በፊት አንዱን ረድፍ መሬት ላይ ደርድሮ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ፋብሪካ የሠራው ጎን ቀጥ ያለና ሽፋኑ በመጠኑ ወደ ጎን የታጠፈ ነው፤ በእጅ የተቆረጠው ግን በጥፍር ሲነካ ሸካራ ነው፣ ሽፋኑም በጥቃቅኑ ይሸረፋል።

መስኮት ካለ፣ በተለይ ከላቫንዲኖው በላይ፣ የመስኮቱ ግርጌ በሴራሚክ ቁርጥራጭ አይሸፈን። እዚያ ላይ ሳሙናና ስፖንጅ ይቀመጣል፣ ውሃ ይተኛል። አንድ ወጥ የእብነ በረድ ቁራጭ ወደ ላቫንዲኖው በትንሹ አዘንብሎ ይተኛበት፤ ሴራሚኩ ከሥሩ ይጀምር። ሶኬት ያለበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጠርዝ ነው፦ ቀዳዳው ከሶኬቱ ክዳን እንዳይሰፋ፣ ሣጥኑም በሴራሚኩ ውፍረት ልክ ወደፊት እንዲወጣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩ። ሲቆረጥ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ።

በምን ይዘጋል?

የፕሮፋይል ነገር እንዲህ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው ዘንግ ነው፤ አንዱ ክንፉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ከሴራሚኩ ሥር በማጣበቂያው ውስጥ ይቀበራል፣ ሌላው ክንፉ የሴራሚኩን ጎን ሸፍኖ ይታያል። ይህን መላ ያመጣው በጀርመን ኢዘርሎን ከተማ ቨርነር ሽሉተር የሚባል የሴራሚክ ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975። ዛሬ ከቻይናም ከቱርክም የሚመጣው ሁሉ የዚያ ዘር ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ሜትር ነው።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ቁመቱ ነው። ፕሮፋይል በሚሊ ሜትር ነው የሚሸጠው፤ 8 ሚሊ ሜትር ሴራሚክ ይዘው 6 ሚሊ ሜትር ፕሮፋይል ከገዙ ሸክላው ከላዩ ብቅ ይላል። በጣም ከበለጠ ደግሞ እንደ ግንብ ቆሞ ቅባትና ዱቄት ይሰበስባል። እኩል፣ ወይም ቢበዛ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ይሁን። አንድ ሴራሚክ ይዘው ሱቅ ይሂዱ፤ ፕሮፋይሉን ከጎኑ አስጠግተው በጣትዎ ጫፍ ከሴራሚኩ ወደ ፕሮፋይሉ ይሻገሩ። ጣትዎ መሰናክል ካገኘ ሌላ ቁጥር ይጠይቁ።

ሁለተኛው የተሠራበት ነገር ነው። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ከላቫንዲኖው በኩል ይሠራል፤ ከምድጃና ከእንጀራ ምጣድ አጠገብ ግን በሙቀት ይጣመማል፣ እየቆየም ቢጫ ይሆናል። አሉሚኒየም በልኩ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ግን ይበላዋል፣ ስለዚህ የፈሰሰበት ማጣበቂያ ሳይደርቅ ወዲያው ይጠረግ፤ ያደረ እንደሆነ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይቀራል። ዝገት የማይይዘው ብረት ከሁሉም ይጠነክራል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። የሁለቱም ብረቶች ጠላት በረኪና ነው። ማድ ቤት በበረኪና ማጠብ የለመደ ቤት ብረቱን ያጠቁረዋል፤ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና ይበቃል።

ፕሮፋይል በሚፈልጉት ቁመትና ቀለም በአቅራቢያዎ ካልተገኘ፣ ሮቤም ሆነ ጎባ ላይ በእብነ በረድ ቆራጭ የሚሠራ መላ አለ፤ እኔ በግሌ ይህን ከፕሮፋይሉ አስበልጣለሁ። ለጠረጴዛው የተገዛው እብነ በረድ ወይም ግራናይት ሲቆረጥ ትርፍራፊ ይወጣዋል። ከዚያ ላይ ስፋቱ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ ያስቆርጡ፣ የሚታየውን ጎኑን ያስለስሉ፣ በላይኛው ረድፍና በጎን በኩል ይለጠፍ። ከጠረጴዛው ጋር አንድ ድንጋይ ስለሚሆን ታስቦበት የተሠራ ይመስላል፤ ሙቀትም ምንም አያደርገውም። የድንጋዩ ውፍረት ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ የሴራሚኩ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሴራሚኩ ፊት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ይላል፤ የላይኛው ጫፉ በመጠኑ ወደ ታች እንዲያዘነብል ያድርጉ፣ አቧራ አይተኛበትም። እብነ በረድ ሎሚና ኮምጣጤ አይወድም፤ ግራናይት ይችለዋል። ትርፍራፊው የእርስዎ መሆኑን ጠረጴዛው ሲታዘዝ ነው መነጋገር ያለብዎ፤ ከተቆረጠ በኋላ ቆራጩ ጋር ይቀራል።

ሁለት ሴራሚክ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ማዕዘን ላይ የሚገጥምበት ሥራ በፎቶ ያምራል። ለወጣ ማዕዘን፣ ለፖርስሊንና በእርጥብ መቁረጫ ለሚሠራ ሰው ብቻ ይሁን። በደረቅ ግራይንደር የተቆረጠ የግድግዳ ሴራሚክ ስስ ጫፉ ድስት ሲነካው ይረግፋል፤ የሚነሳው አቧራም ለሳንባ አደገኛ ነው። ባለሙያው እችላለሁ ካለ በሁለት ቁራጭ ሠርቶ ያሳይዎ፤ ጫፉን በማንኪያ ቀስ ብለው ይምቱት።

ከእንጨት ጠርዝ የሚያሠራም አለ። በደረቅ ግድግዳ ያምራል፤ ከላቫንዲኖ አጠገብ ግን ይበሰብሳል። ቢያሠሩም የባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ጣውላ ይበቃዎታል። ከባሌ ደን የተቆረጠ ጥድና ኮሶ ለማድ ቤት ጌጥ አይግዙ።

ከጠረጴዛው ጋር የሚገናኝበት መስመር

ሴራሚኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አይቀመጥ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። ክፍተቱ በሲሊከን ይሞላ እንጂ በነጭ ሲሚንቶ አይሞላ። ጠረጴዛው ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ይነቃነቃል፤ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ከኋላ ይገባል፣ ካቢኔቱ ከኮምፔንሳቶ ከሆነ ያብጣል። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት የውስጥ ማዕዘንም እንዲሁ ሲሊከን ይፈልጋል። ጠረጴዛው እብነ በረድ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊከን አይጠቀሙ፤ ድንጋዩን ያበላሻል። ለድንጋይ የሚሆነው ሽታ የሌለው ነው፤ ቱቦው ላይ ተጽፏል። ከተሞላ በኋላ ለአንድ ቀን ውሃ አይንካው። በበጋው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሁለት ቀን ይስጡት፣ ሲሊከን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነውና።

ወቅቱ

ባሌ በበልግም በመኸርም ያመርታል፤ ገንዘብ ደግሞ እጅ የሚገባው እህል ሲሸጥ ነው። የመኸሩ ስንዴ ተሰብስቦ ቤት ማደስ የሚታሰበው ስለዚህ ሌሊቱ ከሁሉ በሚበርድበት፣ ውርጭ በሚያርፍበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ሲሚንቶ ያለበት ማጣበቂያ ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። በመጀመሪያው ሌሊት ከበረደው ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጠርዝ ላይ ብርዱ ከጎንም ስለሚገባ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

በዚህ ወቅት መሥራት ግድ ከሆነ ፀሐይ ግድግዳውን ካሞቀች በኋላ ይጀመር፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለጠፉ ይቁም፤ በርና መስኮት ለሌሊቱ ይዘጋ፣ በግድግዳው ላይ ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ ይንጠልጠል። መስኮቱ ገና መስታወት ካልገባለት ሥራውን ያዘግዩት። ለማድረቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ቤት መዝጋት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይሰጥ ሰው ይገድላል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ የሚሞላውም ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ በብርዱ ወራት ሁለት ቀን ይጠበቅ።

እንጨት የሚነድበት፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ የእንጀራ ማድ ቤት ላይ ሴራሚክ ለመለጠፍ ካሰቡ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ለጭስ መውጫው ያውሉት። ጥላሸት የሚይዘው መጋጠሚያና ጠርዝ በሁለት ወር ይጠቁራል።

ከባለሙያው ጋር ምን ተነጋገሩ?

የሴራሚክ ሥራ በካሬ ነው ዋጋ የሚቆረጥለት፤ ጠርዝ ግን በሜትር የሚለካ ሥራ ነው። በካሬ የተስማማ ባለሙያ ጠርዙን ቶሎ ዘግቶ መሄድ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ዋጋው ውስጥ የለምና። ስለዚህ ስንት ሜትር ጠርዝ እንዳለ ለክታችሁ፣ በሜትር ስንት እንደሆነ፣ የመስኮቱና የሶኬቱ ዙሪያ ይካተት እንደሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። ሙሉ ክፍያው ጠርዙ አልቆ፣ ሲሊከኑ ደርቆ፣ እርስዎ ካዩት በኋላ ይሁን። ሲያዩም ማታ መብራት አጥፍተው ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግተው ያብሩ፤ ወጣ ገባ ያለው ሁሉ ጥላ ይጥላል። በሳንቲም ጠርዙን ዙሪያውን ያንኳኩ፤ ባዶ የሚጮኸው ይነሳና እንደገና ይለጠፍ።

ዋጋውን በጣም አይቁረጡት። ጠርዝ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙ ላይ ብዙ ሰዓት ያጠፋል፤ ያ ሰዓት ይገባዋል።

ስንት ይገዛ?

ከአዲስ አበባ የተጫነ ካርቶን በአሰላም በኩል ይምጣ በሻሸመኔ፣ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ ሮቤ እስኪደርስ ብዙ ይንገጫገጫል። የሚሸረፈው ደግሞ ጥግ ጥጉ ነው። ሲረከቡ ካርቶኑን ከፍተው አንድ በአንድ ይዩ፤ ጥጉ የተሸረፈውን ለይተው ለሚቆረጠው ቦታ ያስቀምጡ፣ ሙሉውን ለክፍቱ ጠርዝ። ከልኩ በላይ ከአሥር አንድ ጨምረው ይግዙ። ፕሮፋይልም ከሆነ እንዲሁ፤ ማዕዘን ላይ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ አንዱ ቢበላሽ ሌላ ዘንግ ያስፈልጋል። ሁሉም ካርቶን ላይ የታተመው የቀለም ቁጥርና የመጠን ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለያየ ሴራሚክ ጎን ለጎን ሲቆም ቀለሙ ይለያል፣ አንዳንዴም በአንድ ሚሊ ሜትር ይበላለጣል።

ሥራው ሲያልቅ የተረፉትን ሦስት አራት ሙሉ ሴራሚኮችና የፕሮፋይሉን ቁራጭ ለማንም አይስጡ። ቁጥሩ ከታተመበት የካርቶን ክዳን ጋር አስረው ደረቅ ቦታ ያስቀምጧቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ጥግ ቢሰበር ያንኑ ሴራሚክ አዲስ አበባም ሄደው ላያገኙት ይችላሉ።